ያልተከፈተው ፍሪዘር

ፍልሰታ በተፈታ ዕለት የውብዳር ለልጇ ለሶስና ቃል የገባችላትን ሥጋ ልታወጣ ፍሪዘሩን ከፈተች፤ ሽታው ወደ ኋላ ገፈተራት። ጾሙ ሳይገባ ያስቀመጠችው ሥጋ አረንጓዴ ውሃ አቁሮ ላሽቋል። የሰባት ዓመቷ ሶስና ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጾሙን ሳትገድፍ ጨርሳ፣ ሳህኗን ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

የውብዳር በማታ ትምህርት ቤት በለመደችው ንባብ፣ ግድግዳው ላይ ባለው የመብራት ቆጣሪ የበራውን ጽሑፍ ቃል በቃል አነበበች፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ባለበት ቤት፣ አሥር ቀን ያልተከፈተ ዕቃ መብራቱ ተቋርጦ ለመኪናው ይሰጣል።»

«አዲሱ ሕግ ነዋ!» አለ ባሏ ታምራት አፍንጫውን ይዞ። «አለመክፈትሽ ነው ጥፋቱ።»

«በጾም ምን ልሠራ ነው የሥጋ ዕቃ የምከፍተው?»

«በቃ ተይው። የመኪናው ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሆቴል ወስጄ ላብላችሁ።»

«አባዬ፣ መኪናው አይጾምም እንዴ?» አለች ሶስና።

የውብዳር ሥጋውን ከነውሃው በትሪ ይዛ ወጣች። ታምራት በየጠዋቱ በሚወለውለው የመኪናው ነጭ ወንበር ላይ ደፋችው።

«የበላው እሱ ነው» አለች፤ «ይጨርሰው!»