ቀኙ ሲዘገይ

«ግራው ይቀድማል» አሉ ግራ ጌታ ወልደ ሰንበት ለአራተኛ ጊዜ።

ሙላት ሪሞቱን አነሣ። ደብረ ማርቆስ ላይ ስፒከር እየገጠመ ሲኖር እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ ግን የኔታ ናቸውና ምን ይበል። «ወንበርዎ ለግራው ስለሚቀርብ ነው፣ የኔታ። ዲሌይ የሚባል ቁጥር አለ፤ በእሱ የቀረበውን እናዘገየዋለን፤ የራቀው እስኪደርስ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለቱ እኩል ጆሮዎ ይገባሉ።» ቁጥሩን ከፍ አደረገ። የሙከራው ድምፅ ሽሽሽ እያለ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ክፍሉን ዞረ።

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ቀኙ ጮኸ።»

ቀኙ አልጮኸም። አርባ ዓመት በግራ ወገን ቆመው ማኅሌት የመሩ ሰው እኩል የሆነውንና ያልሆነውን ለመለየት ሪሞት አያስፈልጋቸውም፤ ከሁለተኛው ሙከራ ጀምሮ ልክ እንደሆነ ያውቃሉ። ግን «ልክ ነው» ካሉ ነገሩ አለቀ። እህል ነጋዴው ልጃቸው እንዳላማው ጠዋት ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ይህ ዕቃ ከተስተካከለ አምበር ወዳለው ደብራቸው መሄድ የለም፣ የዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል እዚሁ ሳሎን ይከበራል። ይህ መወሰኑን ከቤቱ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ለሚካኤል የቀረው ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን ሰውረው፣ በስተርጅና እንደ ልጅ እየዋሹ ሥራውን ያንዛዙታል።

እንዳላማው ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ይቀል ነበር። መስከረም ላይ ከደብራቸው ደረጃ ወድቀው የጉልበታቸው አጥንት ከተሰነጠቀ ጀምሮ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር እያዘለ ያስታመማቸው እሱ ነው። ይህንንም ሁሉ ያደረገው ለእሳቸው ብሎ ነው። ግድግዳውን ስፖንጅ አልብሶታል፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋርዶታል፤ በሩ ከተዘጋ የጎረቤት ውሻ አይሰማም። የቤተ ክርስቲያን ደወልም አይሰማም። እንዲህ የሚወድ ልጅ በምን አፍ እምቢ ይባላል? ግራ ጌታ ሆድ ባሳቸው።

«አባዬ፣ በዚህ ሽሽታ ምኑም አይለይም» አለ እንዳላማው። «ሙላት፣ የአምናውን ማኅሌት ልቀቅላቸው።» አምና በሚካኤል ዕለት እሱ ራሱ በቀኝና በግራ ማይክ አቁሞ የቀዳው ነው።

ሙላት አስቀድሞ ተንበረከከና የወንበሩን አራት እግሮች ዙሪያ ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረገ። «ወንበሩ ከዚህች ንቅንቅ እንዳይል፣ ጋሼ» አለው እንዳላማውን። «ልኩ ሁሉ የተሠራው ለዚህ ቦታ ነው።» ከዚያ ማኅሌቱን ለቀቀው።

ከግራ አንድ ሽማግሌ ዜማውን አነሣ። ግራ ጌታ ድምፁን ለማወቅ ጥቂት ቆዩ፤ የገዛ ራሳቸው ነው። ከቀኝ ቀኝ ጌታ አወቀ ተቀበሉ። ጸናጽሉ ከሁለቱም ወገን መጣ፤ አንዱ ካንዱ አልቀደመም፣ አንዱ ካንዱ አልበለጠም። ሙላት ሥራውን ያውቃል።

ታዲያ ይህ የማን ቦታ ነው? አሉ በልባቸው። በአርባ ዓመት ማኅሌትን እንዲህ ሰምተው አያውቁም። በግራ የቆመ የግራን ድምፅ ከትከሻው ሥር ይሰማዋል፤ የቀኙ ከማዶ ነው የሚመጣለት። በቀኝ የቆመም እንዲሁ። ሁለቱ እኩል የሚደርሱት መካከል ላይ ነው፤ መካከል ላይ ደግሞ ማንም አይቆምም። ከበሮ መቺው ይገባል፣ ይወጣል። ገብቶ የማይወጣ፣ ቀኝና ግራው ቆሞ ሲያዜምለት ሳይነቃነቅ የሚቆይ፣ ለፍትሐት የመጣ ሬሳ ብቻ ነው።

ፈሩ። የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ተነሡ።

«አባዬ፣ ኧረ ጉልበትዎ» አለ ልጃቸው።

ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ግራው ስፒከር ሄዱ፤ ከራሳቸው ድምፅ ጎን፣ ፊታቸውን ወደ ቀኙ አዙረው ቆሙ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም ከመስከረም ወዲህ ደስ ያላቸው ገና አሁን ነው።

«የኔታ፣ እዚያ ሆነው ልክ አይመጣም» አለ ሙላት። «ቀኙ ይዘገይብዎታል።»

«ይዘግይ» አሉ። «አርባ ዓመት እየዘገየ ነው የመጣልኝ። አወቀ ማዶ ነው ያለው፣ ልጄ፤ ከማዶ የሚመጣ ይዘገያል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንዳላማው፣ ለሚካኤል ውሰደኝ። ልቁም አላልኩም፣ እቀመጣለሁ። ብቻ በግራዬ ልሁን።»

እንዳላማው አያቸው፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «አጥፍቻለሁ፣ አባዬ» አለ። «ቦታዎን ሳልጠይቅዎ ነው የመረጥኩት።»

ልባቸው ዘለለ። ገባው፣ አሉ፤ የሚካኤል ያለህ፣ ገባው።

እንዳላማው ወንበሩን ከነጩ ምልክት ውስጥ አንሥቶ ተሸክሞ መጣ። ከግራው ስፒከር ጎን አስቀመጠው፤ ትከሻቸውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ፣ አስቀመጣቸው። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከለላቸው።

«በል ሙላት» አለ፣ «ለዚህ ቦታ እንደገና ለካው።»

ሙላት ከቀኙ ስፒከር ሥር ቆሞ የርቀት መለኪያውን ወደ እሳቸው አነጣጠረ። የመለኪያው ቀይ የብርሃን ነጥብ ነጠላቸው ላይ፣ ደረታቸው መካከል አረፈች።

«አይንቀሳቀሱ፣ የኔታ።»

አልተንቀሳቀሱም። ጥቂት ቆይቶ ቀኙም ግራውም እኩል ደረሱ።