ደህናው ዓይኔ

ባለቤቴ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ያሾፍብኛል። «የታችኛውን መስመር ካነበብሽ ምሳ በእኔ ነው።»

«ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑ» አለ ሐኪሙ።

በቀኙ ሞከርኩ። ፊደሎቹ ደብዝዘውብኝ ሁለት መስመር እንኳ ሳልዘልቅ ቀረሁ። ባለቤቴ ሳቀብኝ።

«አሁን ደግሞ ቀኙን ይሸፍኑ።»

በግራው እስከ ታች ድረስ አንበለበልኩት። «ምሳ በአንተ ነው!» ብዬ ወደ ጥጉ ዞርኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

«ጎበዝ!» አለኝ ድምፁ፣ ከዚያው ከወንበሩ።

እጄን ከቀኝ ዓይኔ ላይ አነሳሁ። እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። መልሼ ሸፈንኩ፤ የለም። ሦስት ልጆች የወለድኩለት ሰው ነው።

ሐኪሙ መብራቱን አስጠግቶ ሁለቱንም ዓይኖቼን አየና፣ «አይዞዎት፣ ግራው ምንም አልሆነም» አለ። «ያስቸገረዎት ቀኙ ነው። የሌለ ነገር ያሳይዎታል፤ በመነጽር ይስተካከላል።»

ሌንሱን ይዞ ወደ ቀኝ ዓይኔ ቀረበ።

«የኔ ዓለም» አለኝ ባለቤቴ ከጥጉ፣ አሁን ሳያሾፍ፤ «እባክሽ፣ እንዳታስገጥሚ።»