የሰሜኑ ወሰን

በነቀምቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊው አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ መዝገቡን ሲገልጥ ድርቤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከኑኑ ቁምባ በእግሯ የመጣችው ሟች ባሏ በወሰን ክርክር ጊዜ የሰጠውን ቃል ለመስማት ነበር።

«ክርክሩን እኮ ረትታችኋል፣ አዴ። አሁን ምን ያደርግልዎታል?» አላት ጸሐፊው።

«መሬቱስ አለ። እሱ ሲናገር ከሰማሁ ግን ዓመት አለፈኝ።»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ከሳሽ ፉፋ ዋቅወያ ከዚህ በታች የተመለከተውን በአስተርጓሚ አስረድቻለሁ...»

«ይሄማ ዳኛው ነው» አለች ድርቤ። «ፉፋ በአማርኛ ሰላምታ እንኳ አያውቅም ነበር።»

በፍርድ ቤቱ ከአማርኛ ሌላ መናገር አይፈቀድምና ጸሐፊው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ቃሉን ወደ ኦሮምኛ ይመልሰው ጀመር። በምሥራቅ ዋርካው፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በደቡብ የጆቴ አጥር። በሰሜን ደግሞ ሚስቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን አሳርፋ ወገቧን የምትይዝበት ድንጋይ።

የድርቤ እጅ ሳታስበው ወደ ወገቧ ሄደ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ስታርፍ የሚያያት ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

«ሰሜኑን ድገምልኝ፣ ልጄ» አለች።