ከግድግዳው የወረደው ጠመንጃ

ሽማግሌዎቹ እርቁ በቀድሞው አገረ ገዥ ግቢ እንዲሆን የወሰኑት የሟቹ ጠመንጃ እዚያ ስለተሰቀለ ነው። ግቢው ዛሬ ሙዚየም ነው። ጠመንጃውን የሰጠችው ሚስቱ ነበረች፣ ባሏ በተገደለ በዓመቱ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ከግድግዳው አውርዶ በአሮጌው ችሎት ወለል ላይ አጋደመው። ከእስር የተፈታው ገዳይ እንደ አገሩ ልማድ ጠመንጃውን ተሻግሮ፣ «ከእንግዲህ በቤትሽ ላይ እጄን አላነሳም» ብሎ ማለ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጠመንጃውን አነሳችና በሰደፉ አፉ ላይ መታችው። ጥርሱ ከደሙ ጋር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሲንበረከክ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ ደገነች።

«በሕግ አምላክ! ውባለም!» ሽማግሌዎቹ ጮኹ።

«ተዉአት፣ ይውጣላት» አለ ኃላፊው እየሳቀ። «ባዶ እኮ ነው። የሙዚየም ዕቃ!»

«ተኩሺ» አላት ገዳዩ፣ ደም እየተፋ። «እኔም ደክሞኛል።»

ጣቷን ምላጩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አቀናችና ሳበችው። ተኩሱ ግቢውን አናጋው። ቆርቆሮው ተበሳ፤ አቧራው በሁሉም ራስ ላይ ወረደ።

ጠመንጃውን ለኃላፊው አቀበለችው።

«አሁን ባዶ ነው» አለችው። «ስቀለው።»