ዘንጉን ማን ይያዝለት

የመንደሩ አለቃ ናና ጎንበስ ብለው ሹክ አሉት፤ ኦፖንግ የሰማው ግን ጭርታ ብቻ ነበር። በካካዎ እርሻ የተጣሉት ወንድማማቾች ፍርዱን ከእሱ አፍ ይጠብቃሉ፤ ናና በሹክሹክታ ያሉትን ጮክ ብሎ ለሸንጎው ማሰማት እንጀራው ነው። ጆሮው ውስጥ ባቄላ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ አለች። ነርሷ ሁለት ዓይነት ለሙከራ ስትሰጠው፣ «ይቺ አትታይም፤ ለእርስዎ ጆሮ የሚሆነው ግን ትልቁ ነው፣ አባባ» ብላው ነበር። ትልቁ ከጆሮ ጀርባ ስለሚንጠለጠል ከሩቅ ይታያል። ጆሮው የደነቆረ ቃል አቀባይ የት አገር አለ ብሎ በኩታው ጫፍ ቋጥሮት መጣ።

«ይንገሩን እንጂ፣ አባቴ» አለ ታላቅየው።

እንደ ወትሮው ፍርዱን ከራሱ ሊፈጥር አፉን ከፈተ። ታናሽየው ከአፉ የሚወጣውን ለመስማት ጆሮውን ሲያዘነብል አየና መልሶ ዘጋው። ትንሿን አውጥቶ ትልቁን ከኩታው ፈታ። ለመግጠም ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ወርቅ የተለበጠው ዘንጉ ደግሞ በሸንጎ መሬት አይነካም። ግራ ገብቶት ሲቆም ናና እጃቸውን ዘርግተው ዘንጉን ተቀበሉት። አለቃ የቃል አቀባዩን ዘንግ ሲይዝለት ታይቶ አያውቅም። ኦፖንግ መሣሪያውን ገጥሞ ጎንበስ አለ።

«ሁለት ዓመት በስሜ ስትፈርድ ዝም ብዬ ሰማሁህ» አሉ ናና በዚያው ሹክሹክታ። «ዛሬ እንኳ እኔ ልፍረድ።»