ያለፈው ቅዳሜ ጨዋታ

በቱሎክ ቤት ውጤት የተናገረ ሰው አያድርም። ሕጉ ይኸው ብቻ ነበር።

ቴሌቪዥን ወደዚያች የኒኬል ማዕድን ከተማ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቶሮንቶ ላይ የሚደረገው የበረዶ ሆኪ በቀጥታ እዚህ አይደርስም። በፊልም ተቀርጾ በባቡር ይመጣና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይታያል። ስለዚህ ቱሎክ ጨዋታው በሚካሄድበት ሰዓት ሬዲዮኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ጋዜጣው ሲመጣ የስፖርቱን ገጽ ገንጥሎ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ተከራዮቹም ጉድጓድ ሲወርዱ ጆሯቸውን ይጠብቃሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ፖላንዳዊ ሾርባ እየጠጣ ውጤቱ ከአፉ አመለጠው። ሾርባውን ሳይጨርስ ሻንጣው በረዶ ላይ ነበር። ከቱሎክ ቤት የተባረረን ደግሞ ሌላ ቤት አይቀበለውም።

ከተከራዮቹ አንዱ ኤይኖ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ጥር ሲገባ ብርድ ልብሱ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ጠዋት ጠዋት እየላጠ ነው የሚነሳው። የምድጃው ጭስ ማውጫ በሚያልፍበት ግድግዳ ሥር ያለው አልጋ የኦሬስት ነው። ኦሬስት ዩክሬናዊ ነው፤ ሥራውን ሠርቶ የሚተኛ፣ ከማንም ጋር የማይገጥም ሰው። ኤይኖ በእሱ ላይ ሌላ ቂም የለውም። አልጋው ብቻ ይበቃል።

ሰኞ ዕለት ኦሬስት ሥራ ቀረና ጠፋ። ሐሙስ ተመለሰ። ጢሙ አድጓል፤ የክት ኮቱ እጅጌ ላይ ሰም ተንጠባጥቦበታል። የት ነበርክ ሲሉት ጉዳይ ነበረኝ አለ።

አርማን የሚባለው የኩቤክ ሰው ሰሙን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ።

«በሻማ ያስጨፈረችህ ሴት ማን ትባላለች? እኛንም አስተዋውቀን እንጂ፣ ወንድሜ።»

ሌሎቹ ሳቁ። ኦሬስት የአርማንን እጅ ከእጅጌው ላይ ቀስ ብሎ አንስቶ ወደ መኝታው ወጣ።

ኤይኖ ግን ያን ጠዋት ጣቢያው አጠገብ ነበር። ኦሬስት ከቶሮንቶ ባቡር ሲወርድ በዓይኑ አይቷል። ቀኑን ሙሉ በሆዱ ያዘው። ዓርብ እራት ላይ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ለቱሎክ ነገረው።

ቱሎክ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ቶሮንቶ ውሎ አድሮ ውጤቱን ያልሰማ ሰው ደንቆሮ ነው። አንተ ደግሞ ደንቆሮ አይደለህም።»

«አልሰማሁም፣ ሚስተር ቱሎክ» አለ ኦሬስት።

«ታዲያ ሰዎቹ ምን ሲያወሩህ ከረሙ? ስለ አየሩ ጠባይ?»

ኦሬስት አቀርቅሮ ዳቦውን ቆረሰ። ዝምታው ለሁሉም መልስ መሰላቸው። አርማን እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ማስቀመጥ ቦምብ ይዞ መተኛት ነው አለ። ኤይኖ አሁኑኑ ይውጣ ብሎ ነበር። ቱሎክ ግን፣ ኦሬስት ውጤቱን እስካሁን አልተናገረም፤ ነገ ጨዋታው እስኪያልቅ ፎቅ ላይ ይቀመጥ ብሎ ፈረደ።

ቅዳሜ ሰዓቱ ሲደርስ ኦሬስት ወረደ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። በዚያ ቤት ማንንም ለምኖ የማያውቀው ሰው ያን ዕለት ለመነ።

«ይህን አንዱን ብቻ ልየው። እስከ ፋሲካ የሁሉንም ሳህን አጥባለሁ።»

ቱሎክ ከእግር እስከ ራሱ አየው። በሩ ጋ ይቁም፣ አፉን ይዝጋ አለ። ምንም ነገር ገና ሳይሆን አውቆ ፊቱን ቢለውጥ፣ እጁን ቢያነሳ፣ ሌሊቱን ውጭ ያድራል። ኦሬስት እሺ አለ።

ኤይኖ የዚያን ቅዳሜ ጨዋታ ብዙም አላየም። ወንበሩን አዙሮ ያየው ኦሬስትን ነበር። የኦሬስት ዓይን ተጫዋቾቹ በዱላ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ አይከተልም። ሌሎቹ ወደ ግራ ሲያዩ እሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጥግ ያያል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ጎማዋን ለምን ይከተላል፣ አለ ኤይኖ በልቡ። አርማንን በክርኑ ጎሰም አድርጎ፣ እየው፣ እየው አለው።

ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች አለቁ። በሦስተኛው ቶሮንቶና ዲትሮይት እኩል ለእኩል ነበሩ። ቶሮንቶዎች ዲትሮይት ግብ ላይ ሰፈሩ። ካሜራው ተጠጋ። ከግቡ ጀርባ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አስግገዋል። አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ብቻ ጨዋታውን ትታ ወደ ካሜራው እጇን ታወዛውዛለች።

«ይቺ ደግሞ ጨዋታው በየት በኩል እንደሆነ የሚነግራት አጥታለች» አለ አርማን።

ማንም ሳይስቅለት ኦሬስት ከበሩ ተነቅሎ በወንበሮቹ መሀል አለፈ። የቴሌቪዥኑ መስታወት ፊት ተንበረከከ። ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ።

ጎማዋ ገና በረዶው ላይ ነበረች። ከዚያ መረቡ ተርገበገበ። ቶሮንቶ አገባ።

የጮኸ የለም። ሁሉም የሚያዩት የተነሳውን እጅ ነው።

«ቀደመ» አለ ኤይኖ። «ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከግቡ ቀደመ።»

«ነቢይ አስቀምጠን ኖሯል» አለ አርማን።

ቱሎክ ቴሌቪዥኑን አላጠፋም። ኦሬስትን በኮሌታው ይዞ አስነሳውና ወደ መተላለፊያው ገፈተረው። የኦሬስትን የልብስ ሣጥን ከፎቅ ያወረደው ኤይኖ ነው። ከመውረዱ በፊት ትራሱን ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ጭስ ማውጫው ያለበት አልጋ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ቱሎክ በሩን ከፈተው፤ ብርዱ እንደ ውሻ ዘሎ ገባ።

«ውጤቱን የነገረህ ማነው?» አለ። «እሱን ብቻ ንገረኝና ሂድ።»

«ማን እንደሚያሸንፍ አሁንም አላውቅም» አለ ኦሬስት የሣጥኑን ገመድ እያጠበቀ። «ከግቡ ጀርባ እጇን ያወዛወዘችልኝ እናቴ ናት፤ ረቡዕ ቀበርናት።»