በአንድ ድምፅ የተወገደው ፍሬዛ

የፋብሪካው ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሦስት አባላት ነበሩት። ብረት እየፈለፈለ ቅርጽ የሚያስይዘውን አሮጌ ፍሬዛ መረመሩና «አይሠራም፣ በሐራጅ ይሸጥ» ብለው በአንድ ድምፅ ፈረሙ። ከሦስቱ አንዱ ግን ከምርመራው በፊት አንዲት ትንሽ ማርሽ ከሆዱ ፈትቶ ኪሱ ከቷት ነበር። ሐራጁንም በአጎቱ ልጅ ስም አሸነፈ።

ማሽኑ ሲጓጓዝ የራሱን ፍራሽ ከሥሩ አነጠፈለት። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ አራስ ጭነሃል!» እያለ ሾፌሩን አስመረረው። ስምንት ጫኞች በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለሉ ጓሮው ካለችው ቆርቆሮ ቤት አስገቡለት። አንድም ቦታ አልተጫረም።

«አይሠራም ብለህ ፈርመህ የለም እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

ፈገግ ብሎ ማርሿን ቦታዋ መለሳትና ማብሪያውን ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም። የቀሩትን ሽፋኖች ሲከፍት ሌሎች ሁለት ዕቃዎች በጥንቃቄ ተፈትተው ወጥተዋል።

የግቢው በር ተንኳኳ። የኮሚቴ ባልደረቦቹ አቶ መርዕድና ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው።

«እንኳን ደስ አለህ! ማሽን ገዛህ ሲሉን ጊዜ» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፣ «ባዶ እጃችንንማ አንመጣም ብለን ነው።»

ሁለቱም ግራሶ ባወዛው ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።